እመት አህይት ሳይክል ስትመርጥ

ይህን ተረት ያቀበለችኝ እትዬ ትደነቅያለሽ ናት፤ ጉልት ላይ ቃሪያ የምትሸጠዋ። ከሚዛኗ በቀር በሁሉ ነገር ላይ የምትጨምር ሴት ናት፤ ስለዚህ እኔ ግማሹን ቀንሼ ነው የምነግራችሁ። እሷ ከአማቴ ሰማሁት ትላለች፤ አማቷ ከሞተች ቆይታለችና ሄደን የምንጠይቃት የለም። በሉ "አምጪው" በሉኝና ላምጣው።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ዕቃው ሳይቀር መልስ በሚመልስበት ጊዜ፣ አንዲት ያረጀች አህያ ነበረች። እመት አህይት ይሏታል። ጌታዋ አቶ ቢረሳው ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ ይጭንባትና እሱ በበቅሎ ቀድሞ ገበያ ይወርዳል፤ እሷ ብቻዋን ከኋላ ትመጣለች። ዱሮ ትቀድመው ነበር። አሁን ግን ጉልበቷ ደከመ፤ ከተኛችበት ስትነሣ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ትላለች።

አንድ ቀን አቶ ቢረሳው ባቄላ እየቆረጠመ ለሚስቱ እንዲህ አላት፦

"ይቺ አህያ የምትደርሰው ገበያው ከደራ በኋላ ነው። ሦስት ቅዳሜ እሰጣታለሁ። ከሦስቱ አንዱን ካረፈደች፣ የዚያን ዕለት ማታ በሩን ስዘጋ እሷ ውጪ ናት።"

"ጅቡስ?" አለችው ሚስቱ።

"እሱን እነሱ ይነጋገሩበት።"

ይህን ነገር ሁለት ሰሚዎች ሰሙት። አንዷ በጋጣው ውስጥ ያለችው እመት አህይት። ሌላው አጥር ስር የቆመው አያ ጅቦ። አጥር ስር ቆሞ የሰው ቤት ነገር መስማት ነውር ነው፤ እኔ ራሴ ሳላስበው ካልሆነ በቀር አላደርገውም።

በዚያው ሰፈር ጋሽ ደምስ የሚባል ጎማ ጠጋኝ ነበር። ለእሽቅድምድም የመጡ ፈረንጆች ሁለት ሳይክል ቤቱ ትተውበት ሄደዋል። ሚስቱ እትዬ አልጋነሽ፣ "ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ" አለችው። ጋሽ ደምስ ጥቂት አሰበና፣ ሳይክሎቹ ይውጡ አለ።

እመት አህይት ይህን ስትሰማ ሄደች።

"ጋሽ ደምስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ውሃ ያመላለስኩልህ እኔ ነኝ። አንዱን ስጠኝ።"

"ውሰጂ። ግን አንዱን ብቻ። አንዴ ከደጄ ከወጣ መልሼ አላስገባም፤ አልጋነሽን ታውቂያታለሽ።"

ሁለቱ ሳይክሎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው፤ የሁለቱም መሪ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ነው። ነገሩ የሚለየው ቀረብ ሲሉ ነው። አንደኛው የአስፋልት ሳይክል ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ ልሙጥ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወረቀት የማያስገባ። ሁለተኛውን ፈረንጆቹ ሳይክሎክሮስ ይሉታል፤ ጋሽ ደምስ ግን "የጭቃው" ይለዋል፤ ጎማው ጥርስ ያወጣ፣ ከብረቱ ራቅ ያለ፣ ጭቃ የሚያልፍበት ሁለት ጣት ክፍተት ያለው።

"እስቲ ተናገሩ፤ የትኛችሁ ትወስዱኛላችሁ?" አለች እመት አህይት።

የአስፋልቱ ሳይክል ቀደመ። "እሜቴ፣ እኔን መምረጥ ምን ያስቸግራል? ቀላል ነኝ። ነፋስ ነኝ። አንዴ ከወጣሽብኝ መውረድ የለም። ይህ ወፍራም ወንድሜ ግን ሲሄድ እንደ እርጉዝ ላም ነው።"

የጭቃው ሳይክል ተራውን ጠብቆ ተናገረ። "እኔ አልዋሽሽም። ሜዳ ላይ እሱ ይቀድመኛል። ድንጋይና እርጥብ መሬት ላይ ግን እኔ አልፋለሁ። ጭቃው በጣም ከከፋ ትወርጃለሽ፣ ትከሻሽ ላይ ታደርጊኛለሽ፣ ጥቂት ትሮጫለሽ፣ መልሰሽ ትወጪብኛለሽ። የኔ ሥራ እንዲህ ነው።"

እመት አህይት ጆሮዋን አቆመች።

"ተሸከሚኝ ነው የምትለኝ?"

"አንዳንዴ።"

"ገብስ ተሸከምኩ፣ እንጨት ተሸከምኩ፣ የሙሽራ እናት ተሸከምኩ፤ ሰርጉ ላይ ግን ማንም አልጠራኝም። በእርጅናዬ ደግሞ ሳይክል ልሸከም?"

"እኔ ተሸከሚኝ አልልሽም" አለ የአስፋልቱ፣ ቶሎ ብሎ።

ይህን አስቤ ልምጣ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ አያ ጅቦ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ላየው ሰው የዕድር ዳኛ ይመስላል።

"እመት አህይት፣ ምን ያሳስብሻል?"

ነገረችው። ለጅብ ምን ይነገራል አትበሉኝ፤ የተጨነቀ ሰው ላገኘው ሁሉ ነው የሚያወራው።

"ምን ያጠያይቃል፤ የአስፋልቱን ውሰጂ እንጂ" አላት። "ችካሉን አላየሽም? በቀይ ቀለም የተቀባውን? አስፋልት እየመጣ ነው። አስፋልት በሚመጣበት አገር የጭቃ ሳይክል ይዘሽ ሰው ምን ይልሻል? ደግሞ አንቺ ከእንግዲህ ለጭቃ የሚሆን ጉልበት የለሽም፤ ለአንቺ ብዬ ነው።"

እመት አህይት ወደ ችካሉ ሄደች።

"ችካል፣ አስፋልት ሊመጣ ነው?"

"እኔ ቁም ተባልኩ፣ ቆምኩ።"

"መቼ ይመጣል?"

"የተከሉኝ ሰዎች ሻይ ጠጥተን እንመጣለን ብለው ሄደዋል።"

"መቼ ሄዱ?"

"ከሦስት ክረምት በፊት።"

"እንግዲያው አሁን ሻዩን ሳይጨርሱት አልቀረም" አለች።

መንገዱ ራሱ ከስሯ ሆኖ ሲሰማ ነበርና አላስቻለውም። "እናቴ፣ እነሱ ይምጡም አይምጡም ዛሬ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔን አይተሽ ምረጪ።"

"አንተማ አፈር ነህ፤ ስለ አስፋልት ምን ታውቃለህ?" አለችው። ሄዳም የአስፋልቱን ሳይክል ወሰደች።

ገና ጥጉን ከመዞሯ አያ ጅቦ ጋሽ ደምስ በር ላይ ደረሰ። "የቀረውን ለኔ" አለ። ጋሽ ደምስ ጅብን ምን ሊያደርግልህ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም፤ የጭቃውን ሳይክል ራሱ አውጥቶ፣ ጎማውንም ነፍቶ ሰጠው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። አራት እግር ሁለት ፔዳል ላይ እንዴት ሆነ አትበሉኝ፤ እኔም እትዬ ትደነቅያለሽን ጠይቄያት፣ "ሚዛን ጠብቃ ነዋ" ብላ ቃሪያዋን መመዘን ቀጠለች። መሬቱ ደረቅ ነበር። ሳይክሉ በረረ። አቶ ቢረሳው ከበቅሎው ሳይወርድ አህያዋን ገብሷን ይዛ ቆማ አገኛት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሆነ። ሌሊት ትንሽ አካፍቷል። አንዴ አንሸራተታት፣ ሁለቴ አንሸራተታት፣ በሦስተኛው ቦይ ውስጥ ተገኘች።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችው።

"እኔ አልተንሸራተትኩም፤ የተንሸራተተው መንገዱ ነው" አላት።

ነጋዴው ጆንያውን ሲፈታ ደረሰች። አቶ ቢረሳው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ ዝቅ ብሎ አህያዋን አየ፣ "ለጥቂት ተረፍሽ" አላት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሆነ። ዓርብን ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሏል። ከሰፈሩና ከገበያው መካከል ያለው ዋልካ መሬት እንደ ሊጥ ሆኗል። እመት አህይት ገብሷን ጭና ገባችበት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፤ ጭቃው በጎማውና በብረቱ መካከል ተጠቅጥቆ ሳይክሉ ቀጥ አለ።

"ምነው?"

"አስፋልቱ የታለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ሲመጣ ንገሪኝ።"

ወርዳ ከገብሱ ላይ ሳይክሉን ደርባ ተሸከመችው። ሁለት እርምጃ ሄዳ አንድ እርምጃ ታርፋለች። ይህኔ ከኋላዋ የሰንሰለት ድምፅ ሰማች። አያ ጅቦ በጭቃው ሳይክል ላይ ተቀምጦ እየመጣ ነው።

"እመት አህይት፣ እንዴት አደርሽ?"

"እግዜር ይመስገን። ያ የጋሽ ደምስ ሳይክል አይደለም?"

"ነው። ለጤንነት ነው የምነዳው።"

ያን ጊዜ ማን ምን እንደመረጠላት ገባት። መሮጥ ግን የለም፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው።

የጭቃው ሳይክል በጅቡ ስር ሆኖ ተናገረ። "አያ ጅቦ፣ ከዚህ ወዲያ ዋልካው ይጠልቃል። ውረድና ተሸከመኝ፤ አሥር እርምጃ ብቻ ነው።"

"እኔ ልሸከም? አባቴ ተሸክሞ አያውቅም፣ አያቴም ተሸክሞ አያውቅም። ከተሸከምኩም የሚበላ ነገር ነው።"

"እንግዲያው ዝግ በል።"

"ምሳዬ እዚያ ቆማ እኔ ዝግ ልበል?"

ረገጠ። የፊት ጎማው ዋልካው ውስጥ ዘው አለ፤ ሳይክሉ ቀረ፣ ጅቡ ሄደ። በመሪው ላይ ተገልብጦ እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ ተተከለ፤ ከጭቃው በላይ የቀረው ጆሮውና አፉ ነው።

"እህቴ፣ ጎትቺኝ" አላት። "ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ነኝ።"

"ልጅስ አለኝ፤ እሱም አይጠይቀኝም" አለችው።

ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ይህንን እንደተሸከመች በእግሯ ብትሄድ ገበያው ደርቶ ነው የምትደርሰው፤ ማታም በሩ ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ ይዘጋል። የጭቃው ሳይክል ከጅቡ ጎን ተጋድሟል። ለማንሣት በዚያ አፍ አጠገብ ማለፍ ያስፈልጋል።

"እመት አህይት" አላት የጭቃው ሳይክል፣ "አሥር እርምጃ አንቺ ትሸከሚኛለሽ። ከዚያ ወዲያ እስከ ገበያው እኔ።"

እሷም ቆማ አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ኖራለች፤ ከተሸከመችው ሁሉ ግን መልሶ የተሸከማት አንድም የለም። ይሄ ቢያንስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይናገራል።

የአስፋልቱን ሳይክል ከጀርባዋ አራገፈችው።

"እሜቴ፣ ወዴት ነው?" አላት ከጭቃው ውስጥ።

"አንተ አርፈህ ጠብቅ፤ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሲመጡ ያነሡሃል።"

ከዚያ በጅቡ ጎን ሄደች። ፊቷን ብትሰጠው ፊቷን ይበላዋል፤ ስለዚህ ኋላዋን ሰጥታ፣ አንገቷን በሳይክሉ ብረት ውስጥ አስገብታ ብድግ አደረገችው። አያ ጅቦ አንገቱን መዘዘና ጭራዋን ያዘ። እሷ ወደ ፊት ሳበች፣ እሱ ወደ ኋላ ሳበ። እሷ ሳበች፣ እሱ ሳበ። በሦስተኛው ሳይክሉና አህያዋ ወጡ፤ የጭራዋ ግማሽ ጅቡ አፍ ውስጥ ቀረ።

አሥር እርምጃ ተሸከመችው። በአሥራ አንደኛው ወጣችበት። ጭቃው በሁለቱ ጣት ክፍተት እየተንጠባጠበ፣ ጎማው በጥርሱ እየነከሰ ዳገቱን ወጣ።

ገበያ ስትደርስ ሴቶቹ ገና ጆንያ እያነጠፉ ነበር። አቶ ቢረሳው ከራስ እስከ እግሯ አያት።

"ጭራሽስ?"

"ቀንሼው መጣሁ።"

"ሳይክሉስ? ያኛው ቀጭን አልነበር?"

"ቀየርኩት።"

ሌላ አልጠየቃትም። ገብሱን አወረደ።

እትዬ ትደነቅያለሽ እዚህ ላይ ስትደርስ ጣቷን ታነሣና፣ ሳይክል የሚመረጠው ሊመጣ ነው ለሚባለው መንገድ ሳይሆን ከደጃፍ ለሚጀምረው መንገድ ነው ትላለች። እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው፦ ይህን ውሰጂ፣ ያንን ተይ የሚላችሁ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አያ ጅቦ ሰኞ ዕለት ዋልካው ጠጠር ሲልለት ወጣ፤ ሳይክል ነድቼ አላውቅም ይላል። የአስፋልቱን ሳይክል ጋሽ ደምስ ከጭቃ አውጥቶ አመጣው፤ እትዬ አልጋነሽ በሩ ላይ ስለቆመች ጣሪያው ላይ ሰቀለው። የጭቃው ሳይክል ከጋጣው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። የዚያን ቅዳሜ ማታ አቶ ቢረሳው በሩን ዘጋ፤ እመት አህይት ውስጥ ነበረች።