ሰባት ቤት ያልተቆጠረላቸው ትንኞች

"ተረት ተረት" ስል "የላም በረት" በሉኝ። በረቱ ዛሬ በእርግጥ ስለሚያስፈልገን ጠንከር አድርጋችሁ በሉት።

በአንድ የቆላ መንደር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ትንኝ ማርባት ነው። አትሳቁ፤ ሰው ንብ ያረባ የለም እንዴ? እሷ ደግሞ በመረብ ሣጥን የወባ ትንኝ ታረባለች፣ የስኳር ውሃ ታጠጣለች፣ አዲስ አጎበር ሲመጣም ትንኞቿን አስነክታ ይገድል እንደሆነ ወይም አይገድል እንደሆነ ትጽፋለች። አምና አንድ አጎበር መጣላት። ትንኞቿ ገና ሲነኩት ርግፍ ርግፍ አሉ። "ይገድላል" ብላ ፈረመች፣ አጎበሩም ለመንደሩ ሁሉ ታደለ። የመንደሩ ትንኝ ግን አጎበሩን በረንዳ አደረገችው፤ ላዩ ላይ ተቀምጣ የሚጠጋላትን ክንድ ትጠብቅ ጀመር።

እንጉዳይ ነገሩን ብትመረምረው ጥፋቱ ከገዛ ሣጥኗ ተገኘ። ትንኞቿ ከአንድ ኩሬ የተቀዱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስልሳ ትውልድ እርስ በርስ ሲጋቡ ኖረው ዘራቸው ሳስቷል፤ የአጎበሩ መድኃኒት ይቅርና እፍ ቢሏቸውም ይወድቃሉ። ልጇ ስንዱ ደግሞ የአምስት ወር እርጉዝ ናት፤ የምትተኛውም እናቷ በፈረመችበት አጎበር ሥር ነው። ይህ ለእንጉዳይ የእግር እሳት ሆነባት። የምትፈልገው ግን ትንሽ ነገር ነበር፤ ለሣጥኗ አዲስ ዘር የምታመጣ አንዲት ባዳ ትንኝ።

ትንኝ ከብት ባለበት ታድራለችና፣ ትንኝ መሳቢያ ቱቦዋን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ እትዬ ደብሬ በረት ሄደች። "ትንኝ ሆይ፣ ነይ ልዳርሽ" አለቻት በሽንቁር። "በሩ ሳይከፈት ሙሽራ ይወጣል? አልመጣም" አለች ትንኟ።

"በር ሆይ፣ ተከፈት" አለችው። "ላሟ ትራገጣለች፤ ጥርስሽን አራግፋ እኔን ታስወቅሰኛለች። አልከፈትም።" በሩ አልከፈትም አለ፣ ትንኟም አልመጣም አለች።

"ላም ሆይ፣ እርጊልኝ" አለቻት። "በባዶ ሆድ ማን ይረጋል? ሣር ካልቀመስኩ አልረጋም።" እትዬ ደብሬ በመስኮት ብቅ ብለው "እውነቷን ነው" አሉ። "ትናንት ወተቱን ከነማለቢያው ደፍታብኛለች። መስኩን ውሃ ውጦት የመንደሩ ከብት ሁሉ ተዘግቶ ይራባል።" ላሟ አልረጋም አለች፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ትንኟም አልመጣም አለች።

እንጉዳይ ወደ መስኩ ወረደች። "ሣር ሆይ፣ ታጨድ።" "እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ ነኝ፤ በየት በኩል ማጭድ ይግባ? አልታጨድም።" ሣሩ አልታጨድም አለ፣ ላሟ አልረጋም አለች፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ትንኟም አልመጣም አለች።

"ውሃ ሆይ፣ ሽሽ።" "እኔ አዛዥ አለኝ። የውሃ አባት ካልመለሰኝ አልሸሽም።" ልክ ነው፤ በዚያ አገር የመስኖውን መዝጊያ የሚነካው መንደሩ የመረጠው የውሃ አባት ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢነካው ለሽማግሌ የሚተርፍ ጠብ ነው። እና ውሃው አልሸሽም አለ፣ ሣሩ አልታጨድም አለ፣ ላሟ አልረጋም አለች፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ትንኟም አልመጣም አለች።

የውሃ አባቱን፣ አያ ጥጋቡን፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ሲንቀጠቀጡ አገኘቻቸው። የወባው ክኒን ሳይፈታ ራስጌያቸው ተቀምጧል።

"አያ ጥጋቡ፣ ክኒኑን ውጠው ይነሡ እንጂ።"

"ምን ሊረባኝ? ይኸው አጎበር ሥር ተኝቼ ያዘኝ፤ ብድንም መልሶ ይይዘኛል። አልነሣም።"

ወባውም ከብርድ ልብሱ ሥር "አጎበሩ ወዳጄ ነው፤ አልለቅም" አለ። ወባው አልለቅም አለ፣ የውሃ አባት አልነሣም አሉ፣ ውሃው አልሸሽም አለ፣ ሣሩ አልታጨድም አለ፣ ላሟ አልረጋም አለች፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ ትንኟም አልመጣም አለች።

እንጉዳይ ቀና ብላ አጎበሩን አየችው። ያው የፈረመችበት ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከራሷ ደጅ ቆመ። ዝም ብላ መውጣት ትችል ነበር፤ ሕሊናዋ ግን እንቢ አላት።

"አያ ጥጋቡ፣ ይህን አጎበር 'ይገድላል' ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ባዳ ትንኝ ፍለጋ ወጥቻለሁ፤ የሞከርኩበት ትንኝ ደካማ ነበር። ስልሳ ትውልድ እህት ከወንድም ሲጋባ የኖረ ነው።"

አያ ጥጋቡ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያዙት። በመንደሩ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ቆጥረው "ይሁን" ወይም "ዘመድ ናችሁ" የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ብርድ ልብሱን ገፈፍ አድርገው ተቀመጡ።

"እህት ከወንድም?"

"አዎ።"

"ስልሳ ትውልድ ሙሉ ሰው አልቆጠረላቸውም?"

"አልቆጠርንላቸውም።"

"ምን ዓይነት ነውር ነው። በይ ያን ውሃ አቀብይኝ።" ክኒኑን ዋጡ። "አሁን ስንት ትንኝ ነው የምትፈልጊው?"

"አንዲት።"

"አንዲቷ ወልዳ፣ ልጆቿ መልሰው እርስ በርስ ሊጋቡ? አይሆንም ልጄ። ከሰባት ቤት ነው የምትወስጂው፤ ከየበረቱ አንዳንድ።"

እንጉዳይ ተምራ የመጣች ባለሙያ ናትና አፈረች። ከማፈሯ ግን ደስታዋ በለጠ።

መድኃኒቱ ወባውን ገፋው፣ ወባው የውሃ አባትን ለቀቀ፣ በሳምንቱ የውሃ አባት መዝጊያውን መለሱ፣ ውሃው ሸሸ፣ ሣሩ ታጨደ፣ ላሟ ረጋች፣ በሩ ተከፈተ፣ ትንኟም መጣች። አያ ጥጋቡ ስለላኩባቸው ስድስት ሌሎች በሮችም ተከፈቱ።

የሰባቱ ቤት ልጆች አድገው በአምናው አጎበር ላይ ተቀመጡ፤ ተቀምጠውም እግራቸውን አፋተጉ። እንጉዳይ የአምናውን ፊርማዋን በገዛ እጇ ሰረዘች። ቀጥሎ ሌላ አጎበር ቀረበ። ተቀመጡበት፣ ተነሡ፣ ወደቁ። እስከ ማግሥቱ ጠብቃ ስትቆጥር ከመቶው ዘጠና ስምንቱ አልተነሡም። አሁን ፈረመች።

አዲሱ አጎበር ስንዱ ከመውለዷ በፊት ደረሰ። ልጁ ተወለደ፣ ክረምቱ ወጣ፣ የወባው ወራት አለፈ፤ ሕፃኑን አንድ ቀን እንኳ ብርድ ብርድ አላለውም።

አያ ጥጋቡ እስከ ዛሬ በየወሩ በትራቸውን ይዘው ሣጥኖቹን ሊያዩ ይመጣሉ።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?"

"የሦስተኛው ቤት።"

"ለማን ልትድሪያት ነው?"

"ለስድስተኛው ቤት።"

በጣታቸው ቆጠር ቆጠር ያደርጉና "ይሁን" ይላሉ።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ማታ የአጎበራችሁን ጫፍ ከፍራሹ ሥር ወሽቁልኝ።