ነጭ መቀነት የታጠቀችው ዓሣ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ለይትባረክ ግን ትናንት ነው። ያን ቀን ጠዋት፣ ያስተምርበት በነበረው ኮሌጅ፣ በአሥራ ሁለት የመስታወት ገንዳ ያሳደጋቸው የባሕር ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። የክፍሉን መብራት ያስጠፋው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑልሰገድ ነበር፤ እንግዶች የጋበዘበት አዳራሽ ማቀዝቀዣ ኃይል እንዳያንሰው ብሎ። በሪፖርቱ ላይ ግን «ይትባረክ ውሃውን የሚያዞረውን ሞተር ሳያበራ ወጣ» ተብሎ ተጻፈ። ይትባረክ ተባረረ። ገንዳዎቹን የምታጥበው አስካለም «መብራቱን ያስጠፉት እሳቸው ናቸው፣ አይቻለሁ» ብላ መሰከረችና ተባረረች። ሁለቱ ተባራሪዎች ተጋቡ፤ ድሬዳዋ ገብተው ቤት ተከራዩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ይትባረክ በሩን ዘግቶ ለዶክተሩ ደብዳቤ ይጽፋል። የደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምን አደረግሁዎት? ይመልሱልኝ።» ዶክተሩ መልሶ አያውቅም።

ዘንድሮ የአስካለ ዓይን ሊጠፋ ሆነ። ሐኪሙ እስከ ክረምት ከቆየ ጥሩ ነው አላት። አስካለ አላለቀሰችም፤ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ተመኘች።

«ያቺን የገንዳችንን ዓይነት ብርቱካናማ ዓሣ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀችዋን፣ አንድ ጊዜ ልያት።»

ይትባረክ ከተዘጋ ሱቅ የመስታወት ሣጥን ገዝቶ በሲሊኮን አጣበቀው፤ አፈሰሰ፤ እንደገና አጣበቀው። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ነጭ ድንጋይ የሚያለብስ ነውና አላመነውም። ጅቡቲ የምትመላለሰውን ነጋዴ ሃዋን ስድስት ቢጫ ጀሪካን የባሕር ውሃ አምጪልኝ ብሎ ለመናት።

«ሰው ከባሕር ማዶ ጨርቅ ያስመጣል፣ ሩዝ ያስመጣል» ብላ ሳቀችበት ሃዋ። «አንተ ባሕሩን ራሱን? አቦ ተወኝ!»

ግን አመጣችለት። አሸዋ አነጠፈ፣ ድንጋይ ደረደረ፣ ውሃውን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ገጠመ፣ ውሃው እስኪጠራና ድንጋዩ እስኪለምድ ሰባት ሳምንት ጠበቀ። በመጨረሻ የሃዋ ወንድም፣ ዓሣ አጥማጁ፣ አውራ ጣት የምታህል ኮራል፣ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚከደን የባሕር ፍጥረት፣ ከዓሣዋ ጋር ላከለት። ሐሙስ ማታ ደረሱ። ዓሣዋ ደንግጣ ድንጋይ ሥር ገባች። ዓርብ ንጋት ላይ ነፋስ ተነሣና የቤቱን የመብራት ሽቦ በጠሰው።

አስካለ ወንበሯን ስባ አፍንጫዋን ከመስታወቱ አስጠጋች። «ነይ ውጪ፣ ልይሽ» አለቻት።

ዓሣዋም «አልወጣም» አለች። «ኮራሉ ተከድኖብኝ በማን ተከልዬ ልውጣ?»

ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች።

ይትባረክ ኮራሉን «ተከፈት እንጂ» አለው። ኮራሉም «አልከፈትም» አለ። «ምግቤን የሚያመጣልኝ የሚሄድ ውሃ ነው። ቆሞ ምን ያጎርሰኛል?»

ኮራሉ አልከፈት አለ፤ ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች።

ይትባረክ ውሃውን «ተንቀሳቀስ እንጂ» አለው። ውሃውም «አልንቀሳቀስም» አለ። «ሞተሩ ሳይገፋኝ ወዴት ልሂድ?»

ውሃው አልንቀሳቀስ አለ፤ ኮራሉ አልከፈት አለ፤ ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች።

የድሬ ፀሐይ ከፍ እያለች ነው። በቆመና በሞቀ ውሃ ውስጥ ዓሣ ብዙ አትቆይም፤ ይህን ከሁለቱ በላይ የሚያውቅ የለም። አስካለ ጣሳ አነሣች። ውሃውን እየቀዳች፣ ከፍ አድርጋ ታፈስሰው ጀመር፤ አየር እንዲገባበት። ጣሳው የት እንደደረሰ በድምፁ ነው የምታውቀው። ያን ማክሰኞም እንዲሁ አድርጋ ነበር። አሥራ ሁለት ገንዳ ለአንድ ጣሳ በዛ እንጂ።

«ሂድ» አለችው። «እኔ እስክትመጣ አላቆምም።»

ይትባረክ ሞተሩን «ዙር እንጂ» አለው። ሞተሩም «አልዞርም» አለ። «ጉልበቴ መብራት ነው። መብራት የታለ?» መብራቱን ቢጠራው «አልመጣም» አለ። «ሽቦው ከጣሪያው ሥር ተበጥሶ በየት በኩል ልግባ?»

መብራቱ አልመጣ አለ፤ ሞተሩ አልዞር አለ፤ ውሃው አልንቀሳቀስ አለ፤ ኮራሉ አልከፈት አለ፤ ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች።

ይትባረክ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ ኑረዲን ሮጠ። ኑረዲን ከሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብሎ የራዲዮ ሆድ ዕቃ ይበረብራል።

«ኑረዲን፣ ሽቦዬን ቀጥልልኝ።»

«አቦ ይትባረክ! ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስሜን ታውቀዋለህ እንዴ?» አለና ተነሣ፤ ተከትሎት መጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። «አልወጣም። ይሄ የድሮ ቤት ነው፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። በምን ልሰቀል፣ በጢሜ? እዚህ ሰፈር ለዚህ የሚበቃ አንድ መሰላል ነው ያለው። እሱም ደብሪቱ ቤት ነው።»

ይትባረክ ያን ስም ሲሰማ ቆሞ ቀረ። ከውስጥ የጣሳው ድምፅ ይሰማል፦ ቅድት፣ ፍስስ። ቅድት፣ ፍስስ። ሄደ።

መሰላሉ በደብሪቱ ግቢ ከግንቡ ተደግፎ ቆሟል። ይትባረክ ገና በበሩ ሲያየው መሰላሉ «አልነሣም» ያለው መሰለው። «ባለቤቴ ሳትፈቅድ ከግንቤ አልላቀቅም።»

መሰላሉ አልነሣ አለ፤ ኑረዲን አልወጣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ሞተሩ አልዞር አለ፤ ውሃው አልንቀሳቀስ አለ፤ ኮራሉ አልከፈት አለ፤ ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች።

ደብሪቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጥቁሯን አውልቃለች፤ ነጠላዋ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ጥለት አለ። የባቡር ነጂው የወንድይራድ ሚስት ናት፤ ወንድይራድ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«መሰላልሽን አውሺኝ፣ ደብሪቱ።»

«ለምንህ?»

«ለዓሣ።»

«ለዓሣ!» አለች፤ የልብስ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አውጥታ። «ለዓሣማ ትደርሳለህ። ወንድይራድ የሞተ ዕለት ድንኳኑ ከደጅህ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። አስካለ መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ተቀመጠች። ሃዋ መጣች። ኑረዲን መቃብር ቆፈረ። አንተ መስኮትህን ዘጋህ። ለኮሌጅህ የባሕር ውሃ በባቡር ያመላለሰልህ ማን ነበር? መሰላሌን አልሰጥም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ልጠይቅህ ስል ነው የኖርኩት፣ ይትባረክ። ምን አደረግንህ? መልስልኝ።»

ይትባረክ ቃሉን ያውቀዋል። በገዛ እጁ ሃያ ስድስት ጊዜ ጽፎታል።

ደብሪቱ አልሰጥ አለች፤ መሰላሉ አልነሣ አለ፤ ኑረዲን አልወጣ አለ፤ መብራቱ አልመጣ አለ፤ ሞተሩ አልዞር አለ፤ ውሃው አልንቀሳቀስ አለ፤ ኮራሉ አልከፈት አለ፤ ዓሣዋ አልወጣ አለች፤ አስካለ አላየች። ሁሉም ቆመው አንድ ሰው እስኪመልስ ይጠብቃሉ። ያ ሰው ዶክተሩ አልነበረም።

ይትባረክ ከደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነበር የሞተው» አለ። «በሩን ዘግቼ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር። ጩኸቱን ሰማሁ። ይህችን መስመር ልጨርስ አልኩ። መስመሩ ሲያልቅ ቀብሩ አልፎ ነበር። በማግሥቱ አፈርኩ። በሣልስቱ ደግሞ ማፈሬን አፈርኩት፤ እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ምንም አላደረጋችሁኝም፣ ደብሪቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሦስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ነውና እንደ አዲስ ተለቀሰ። ደብሪቱ አለቀሰች፤ ይትባረክም ለወንድይራድ፣ ለአሥራ ሁለቱ ገንዳ፣ ለአስካለ ዓይን፣ ሁሉን ባንድ ላይ አለቀሰ። ከዚያ ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«ውሰደው» አለችው። «ሦስተኛው እርከን ላልቷል። ኑረዲን አደራ፣ እንዳይረግጠው።»

ደብሪቱ ሰጠች፤ መሰላሉ ተነሣ፤ ኑረዲን ወጣ፤ መብራቱ መጣ፤ ሞተሩ ዞረ፤ ውሃው ተንቀሳቀሰ፤ ኮራሉ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ዓሣዋ ወጣች። አስካለ ጣሳውን አስቀመጠች። አፍንጫዋንም ከመስታወቱ አስጠጋች።

«አየሽ?» አላት ይትባረክ።

«ቆይ... አዎ። አዎ! ብርቱካን። መቀነቷም ይኸው፤ ሁለት ነው።»

መቀነቷ ሦስት ነው፤ ይትባረክ ያውቃል።

«ልክ ነሽ» አላት። «ሁለት ነው።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ አየቻት። በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ አየቻት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ብዙ ቆየች። «ዛሬ አልወጣችም?» አለች። ዓሣዋ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ነበረች።

ይትባረክ ኅዳርን አልጠበቀም። በሩንም አልዘጋም። ደብሪቱ ከአስካለ ጎን ተቀምጣ ዓሣዋ የምታደርገውን እየነገረቻት ሳለ፣ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፦

«ዶክተር ልዑልሰገድ፣

ዓሣን ጠየቅሁ፤ መለሰችልኝ። ኮራልን ጠየቅሁ፤ መለሰልኝ። ውሃን፣ ሞተርን፣ መብራትን ጠየቅሁ፤ መለሱልኝ። ኑረዲን መለሰልኝ፣ መሰላል እንኳ መለሰልኝ። ደብሪቱ ጠየቀችኝ፤ ሦስት ዓመት አስጠብቄያት መለስኩላት፤ አልሞትኩም። የመሰከረችብዎት ሴት ከእንግዲህ አታይም፤ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ደብዳቤዎ ሲመጣ አነብላታለሁ። አሁን የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ማክሰኞ መብራቱን ያስጠፋው ማን ነው? ይመልሱልን።»