ያለ አህያ የሚሄድ ጋሪ

ተረት ተረት፣ የጋሪ ቁልቁለት!

ጦጢት መስታወት ሠርታ ስለሸጠች እንስሳው ሁሉ ፊቱን ሲያይ ይውል ነበር። እሷም ጠገበችና «ደግሞ ያለ አህያ የሚሄድ ጋሪ ሠራሁ» ብላ አዋጅ አስነገረች።

ዕድሜ ልኳን ጋሪ ስትጎትት የኖረችው አህያ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። ከሁሉ ቀድማ ገዛችና እግሯን አንፈራጣ ተቀመጠችበት። ዙሪያውን መስታወት ነው፤ ሲያምር! ጦጢት ከቁልቁለቱ አናት ላይ ገፋ ስታደርገው፣ እውነትም ጋሪው ያለ ጎታች በረረ።

«እመት ጦጢት፣ ማቆሚያው የቱ ጋ ነው?» ብላ አህያ ጮኸች።

«አይዞሽ፣ ማቆሚያ ያለው ለከርሞ ይወጣል!» አለች ጦጢት።

ጋሪው ገደል ገባ። እንስሳው ሁሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብስቦ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ከታች ከቁጥቋጦው መሀል የአህያ ድምፅ ተሰማ፦

«ጦጢትዬ፣ የከርሞውን ለእኔ ያዥልኝ!»