የሳላውና የክንፋሙ ዓሣ ምስክሮች

ተረት ተረት ስላችሁ ቀረብ በሉ፤ ነፋሱ ቃሌን እንዳይወስድባችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ በረሃው ከባሕር በሚገናኝበት አገር፣ ሃንፈሬ የሚባል አዳኝ ነበር። ቀንደ ረጅሙን የበረሃ እንስሳ፣ ሳላን፣ ያድናል፤ ሥጋውን ይበላል፣ ቆዳውን ለጋሻ ይሰጣል። የእህቱ የሞሚና ባል ኬሎይታ ደግሞ ባሕር ገብቶ ክንፋሙን ዓሣ በጦር ይወጋል። ዓሣው እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው፤ ጅራቱ እንደ አለንጋ ነው።

አንድ ዓመት ሁለቱም ባዶ እጃቸውን መመለስ አበዙ። የጎሳው ሽማግሌዎችም ከሁለቱ እንስሳት ቁጥሩ ያነሰው እስኪበዛ እንዳይነካ፣ ሌላው ግን እንዲታደን ወሰኑ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃንፈሬ ዕረፍት አጣ። ተቀምጦ ይነሣል፣ ተነሥቶ ይቀመጣል። ያነሰው የኬሎይታ ዓሣ ነው ይላል። ኬሎይታም ያነሰው የሃንፈሬ ሳላ ነው ይላል። ነገሩ ወደ ጩቤ ሊሄድ ሲል ሞሚና መሃል ገባች። ሃንፈሬ ባሕሩን፣ ኬሎይታ በረሃውን ሦስት ሦስት ቀን አይተው ይመስክሩ አለች። አንዱ የሌላውን ጉድለት ለማየት ቸኩሏልና ሁለቱም ወዲያው ተስማሙ።

ሃንፈሬ በታንኳ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ክንፋም ዓሣ አየ፤ ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን አንድ አየ፤ ይበልጥ ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን ሲቀዝፍ ውሎ አንዲት እናት አንዲት ልጇን አስከትላ ስትሄድ አየ። ሌላ የለም። ሳላም እንደዚሁ የምትወልደው አንድ ነው። ሊደሰት ፈለገ፤ ደስታው እምቢ አለው። ባለፈው ወር የጣላት ሳላ ጡቷ በወተት ግት ብሎ እንደነበር ትዝ አለው።

በሽማግሌዎቹ ፊት ኬሎይታ ቀድሞ ቆመ። ሦስት ቀን ተጉዞ የሁለት ሳላ ዱካ ብቻ እንዳገኘ ተናገረ። ሃንፈሬም ያየውን ተናገረ።

«እንግዲህ የሚታደነው የቱ ነው?» አለች ሞሚና።

 ሃንፈሬ ወደ እርሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ባልሽ እውነቱን ነው። የኔም አልቋል።»

ሽማግሌዎቹ ሁለቱም እንዳይነኩ በየኑ። ዓመቱ ከበደ፤ የፍየል ወተትና ትንንሽ ዓሣ አሻገራቸው። ከሰባት የዝናብ ወቅት በኋላ ሳላው በመንጋ ታየ፤ ክንፋሙም ዓሣ ወደ ዳርቻው ተመለሰ። ሃንፈሬ ግን እስከ ዕድሜው ማብቂያ መቀመጥ አልሆነለትም። ጠዋት በረሃውን፣ ከሰዓት ባሕሩን እየዞረ ይጠብቅ ነበር።

ለዚህ ነው አባቶች «የባልንጀራውን ጉድለት ሊቆጥር የወጣ፣ የራሱን ቆጥሮ ይገባል» የሚሉት።

እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ አኑሩት።