ስም የማይጻፍበት መጠይቅ

አቶ ይርዳው የሚባሉ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ በስተርጅና ማስተርሳቸውን ይማሩ ጀመር። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ መልካም አመራር ነበርና መጠይቁን የበተኑት ለገዛ ሠራተኞቻቸው ነው። አማካሪያቸው የመላሹ ማንነት በምስጢር ይያዝ ብለው አጥብቀው ስላስጠነቀቋቸው፣ «ስም አይጻፍበትም፤ ሳትፈሩ መልሱ» ሲሉ አስታወቁ። ሠራተኛው ግን የእንጀራው ነገር ሆኖበት የአለቃው አመራር «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው እያለ ሞላ። ምላሷ የማያርፍ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ብቻ ወረቀቱን ባዶውን አስረከበች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው እሷን አስነሷት።

«ሁሉም ስለ እኔ መስክሯል። አንቺ ለምን ባዶውን አስረከብሽ? ማን ምን እንደሞላ አይታወቅም አላልኩም?»

ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ መለሰች።

«ብለዋል፣ ጌታዬ። ባዶው የእኔ መሆኑን እንዲህ ካወቁ፣ ብሞላውማ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»