ዋሻው ያስቀረው መልክ

ተረቴ መጣች፣ ጆሯችሁን ክፈቱላት።

ባቡር መሄድ ካቆመ በኋላ፣ በቆላው አገር አንድ የተራበ ዋሻ ነበረ። ድሮ በባቡር ሰው ይገባበታል፣ ሰው ይወጣበታል። ኋላ ግን የሚገባም የሚወጣም ጠፋ።

አስካለ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። አያቷ ቢራቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ የዋሻው ጣሪያ ተንዶበት እዚያው ቀረ። ያኔ የአስካለ እናት የሺ ገና በማህፀን ነበረች። የአባቷን መልክ አታውቅም፤ ፎቶም አልነበረውም።

«የቀረበትን ቦታ እንኳ አንስተሽ አሳዪኝ» አለቻት ልጇን።

አስካለ በጠራራ ፀሐይ ካሜራዋን አንግታ ሄደች። በዋሻው አፍ ላይ ቆማ አንድ ፎቶ አነሳች።

«አማረ፤ ግን አንድ ጨምሪ» አላት ካሜራው።

«ውስጤ ይበልጣል፤ ግቢ» አላት ዋሻው።

ገባች። ሐዲዱ ዝጓል፤ ግድግዳው በጥቀርሻ ጠቁሯል። ሁለተኛ አነሳች። ብልጭታው ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለችውን የሌሊት ወፍ ቀሰቀሳት።

«ልጄ፣ እዚህ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፤ ተመለሺ» አለቻት።

«አንድ ብቻ» አለ ካሜራው።

«ትንሽ ወደ ውስጥ» አለ ዋሻው።

መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ብርሃን ከፊትም ከኋላም ጠፋ። ሦስተኛ አነሳች። ፎቶውን ብታየው፣ ባዶ ሐዲድ ባነሳችበት ቦታ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ቆሟል። ቅንድቡ የእናቷ ቅንድብ ነው።

«አባባ» አለች።

«አባባ» የሚል ድምፅ ከጨለማው ተመለሰላት። ድምፁ ግን የእሷ አልነበረም።

«ውሰጂው» አለ ዋሻው። «የእሱን መልክ ስትወስጂ ያንቺን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ።»

ካሜራዋን አቅፋ ሮጠች። ጥቂት ሄዳ ጉንጯን ብትነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጥቂት ሄዳ ግንባሯን ብትዳብስ ቅንድቧ የለም። ጥቂት ሄዳ ልትጮህ ብትል ከንፈሮቿ አልላቀቅ አሏት።

«ፎቶውን አጥፊው» አለች የሌሊት ወፏ።

«እንዳታደርጊው፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ዳግመኛ አላገኝም» አለ ካሜራው።

«እናትሽ የማታውቀውን ፊት ወስደሽላት የምታውቀውን ልታሳጪያት ነው?» አለች ወፏ።

አስካለ የአያቷን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብላ አየችው። ከዚያ አጠፋችው። ዋሻው እንደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ቅንድቧም ተመለሰ፤ የፀሐይ ብርሃን ታያት።

ቤት ስትደርስ እናቷ «አገኘሽ?» አለቻት።

«አየኋቸው እማዬ። ይዣቸው መምጣት ግን አልቻልኩም።»

 የሺ «እንግዲያው ንገሪኝ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቅንድባቸው ያንቺ ነው። ዶማውን የያዙት በግራ እጃቸው ነው።»

የሺ ዓይኗን ገለጠች። በልጅነቷ «በግራሽ አትብዪ» እየተባለች የተመታችበትን እጇን አገላብጣ አየችው።

ሙትን በአንደበት ያኖሩታል እንጂ ከጉድጓዱ አይነጥቁትም።