ዝናብ ያላራሰው አመድ

ምእመናን ሆይ፥ ጉንዳንን ታናሽ ፍጥረት ናት ብላችሁ የምትንቁ ሁሉ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ። እመቤታችንን እጅግ የምትወድ ወለተ ኪዳን የምትባል ሴት ነበረች፥ ከጸበሉ በላይ ባለው ጓሮዋም ጎመንና ጌሾ ተክላ ትኖር ነበር፤ በየዕለቱም ጎህ ሲቀድ ከሰው ጋር ሳትነጋገር አስቀድማ ለእመቤታችን ትሰግድ ነበር። ጎርፍ የጓሮዋን አፈር አጥቦ ወደ ጸበሉ ስለሚወርድ፥ ድውያንም ከዚያ ስለሚጠጡ፥ «በዚህ ምድር መርዝ አላፈስም» ብላ ተስላ ነበር። ባሏ ኃይለ መለኮት ከወገቡ በታች ከደነዘዘ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

በጾመ ፍልሰታም ሦስት ቀን ዘንቦ ባባራ ጊዜ፥ የጎረቤት ወንዶች ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ፥ ፀሐይ ይሙቅ ብለው ባሏን ከነአልጋው ከጌሾው አጠገብ አውጥተውላት ሄዱ። ከዚያም ጉድጓዱን ውኃ የሞላበት ጉንዳን ከምድር ወጣና፥ ጓሮውን አጠቆረና፥ ወደ አልጋው ገሠገሠ። ልታነሣው ብትታገል አቃታት። ባሏም «አንቺ፥ እግሬ ላይ ወጡ እንዴ? እኔ እንደሆነ አይሰማኝም» አላት፤ ይህን በሰማች ጊዜ «ድረሱልኝ!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷን የሰማች ጎረቤቷ የተምወርቅም መግባት ፈርታ በአጥሩ ላይ የመርዝ ጠርሙስ አቀበለቻትና «ምን ትጠብቂያለሽ? ርጪው እንጂ! ሰው እየተበላ ደግሞ ምን ስለት አለ!» አለቻት። ወለተ ኪዳንም ከፈተችው። ነገር ግን ሽታው ባፈናት ጊዜ ከታች የሚጠጡትን ድውያን አሰበችና «እመቤቴ ሆይ፥ ባሌንም ለአንቺ፥ ስለቴንም ለአንቺ» እያለች ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ጉንዳን አመድ መሻገር እንደሚፈራ ትዝ አላት፤ አመዷ ግን ከደጅ ተደፍቶ ሦስት ቀን ዝናብ ወርዶበታል። እያለቀሰች እጇን ብትሰድድ፥ አሁን ከምድጃ እንደ ወጣ ደረቅና ሞቃት ሆኖ አገኘችው። በቀሚሷም አፍሳ አልጋውን ዙሪያውን ከበበችው፥ አልጋውን የነካውንም የጌሾ ቅርንጫፍ ቆረጠችው፤ ጉንዳኑም እስከ አመዱ ደርሶ ቆመና ወደ ዱር ተመለሰ።

አንዲት ጉንዳን ግን አስቀድማ በቅርንጫፉ ተሻግራ ኖሮ፥ ኃይለ መለኮት በድንገት ጮኸ። ሚስቱም «ሞተብኝ!» ብላ ስትሮጥ፥ እርሱ እግሩን ሰብስቦ «ነከሰችኝ! ወለተ ኪዳን፥ እግሬን ነከሰችኝ!» እያለ ያለቅስ ነበር። የተምወርቅም ከአጥሩ ማዶ እልልታውን አቀለጠችው፤ ባልና ሚስቱም ለእመቤታችን ምስጋና አቀረቡ።

ያን አመድ ከዝናብ የሰወረች እመቤት እኛንም ከሚያስፈራን ሁሉ ትሰውረን፤ የደነዘዘ ልባችንንም ታንቃልን፤ በረከቷ በሰማችሁትም ባልሰማው ጎረቤታችሁም ላይ ይደር፥ ለዘለዓለሙ አሜን፨